«አሁንስ የት ይሂድ?»፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲጎረምስ

ራጉኤል ከታክሲ የወረደ ሰው ያውቀዋል። እግራችሁ መሬት ሳይነካ መርካቶ ትውጣችኋለች። በአንድ በኩል የራጉኤል ቤተክርስቲያን፣ በሌላ በኩል አንዋር መስጊድ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሸክም፣ ጋሪ፣ ሚኒባስ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሰው። አክስቴ እዚህ አካባቢ ጧፍ፣ ሻማና ዕጣን ስትሸጥ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ደወለችልኝ። ሰላምታም ሳታበዛ፣ «አንተ የተማርከው ልጅ፣ እስቲ ንገረኝ፤ አሁንስ የት ይሂድ?» አለችኝ።

የምትጠይቀኝ ስለ ልጇ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱን ደፍኗል፤ ኦቲዝም አለበት። እኛ ቤት የአክስት ልጅ ወንድም ስለሆነ ከዚህ በኋላ «ወንድሜ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠቅስም። «ልጻፈው ወይ?» ብዬ ብጠይቀው እሺም እምቢም ሊለኝ ስለማይችል፣ ስሙን ኢንተርኔት ላይ የመልቀቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የሚማርበት ትምህርት ቤት ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች አንድ ክፍል ነበረው። ስምንት ዓመት ያህል እዚያው ክፍል ቆየ። ከዚያ ጢም አወጣ፤ ቁመቱ ከመምህሯ በለጠ፤ አብረውት የሚቀመጡት ግን የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። አንድ ቀን አክስቴን ጠርተው በትህትና፣ «ልጅዎ አድጓል፤ ከዚህ በላይ እኛ ጋ መቆየት አይችልም» አሏት። ወዴት እንደሚሄድ የነገራት የለም። በእጇ የተሰጣት ወረቀትም የለም። በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ቤት ነው።

እኔ የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ፣ «ቆይ አጣርቼ እደውልልሻለሁ» አልኳት። ማጣራቱ ወራት ወሰደብኝ። ያገኘሁት ይኸው።

ሕፃኑ ያድጋል እኮ

አጠር አድርጌ ልጀምር። ኦቲዝም በሽታ አይደለም፤ አይተላለፍም፤ በእርግማን ወይም በእናት ጥፋት አይመጣም። የአእምሮ እድገት ገና ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲሄድ የሚፈጠር ነው። ሰው የሚግባባበትን፣ ድምፅና ብርሃን የሚሰማበትን፣ ከለመደው ነገር ለውጥ ሲመጣ የሚቀበልበትን መንገድ ይለውጣል። ደረጃው ሰፊ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይመረቃል፤ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይናገር ይችላል። ወንድሜ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። ቃላት አሉት፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሰማውን መልሶ የሚላቸው ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እኛ በተማርንበት ዓይነት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስድሳ ስድሳ ተማሪ የታጨቀባቸውን ሁለት ክፍሎች አስቡ። ከእነዚያ ሁሉ መካከል አንድ ልጅ ማለት ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ አለ። ያላያችሁት ወይ ቤት ስለተዘጋበት ነው፣ ወይ አይታችሁ «ትንሽ ይነካዋል» ብላችሁ ስላለፋችሁ።

በየዓመቱ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ይከበራል። እኛም ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ፎቶ እንለጥፋለን። ፎቶው ላይ ያለው ሁልጊዜ ሕፃን ነው። ጢም ያወጣ ጎረምሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሥራውም ከፎቶው ብዙ አይርቅም። ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን የተዘጋጀው ልጆቻቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ወላጆች ነው። አሥረኛውን ዓመት ሻማ ካጠፋችሁ በኋላ ያለው መንገድ ጨለማ ይሆናል።

ወላጆች ደግሞ በዋናነት የሚጠይቁት መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የመጡ 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ። «ያላገኛችሁት ነገር ምንድን ነው?» ሲባሉ 74.5 በመቶው የመለሱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነው። ሕክምና ሁለተኛ ነው፤ 47.1 በመቶ። አክስቴም ከእነዚህ እንደ አንዷ ናት። «መድኃኒት አምጡልኝ» አላለችኝም። «የት ይሂድ?» ነው ያለችኝ።

አራት በሮች አንኳኳን

የመጀመሪያው በር መደበኛው ትምህርት ነው። ስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና። ይህ መንገድ ለአንዳንድ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ይሆናል፤ ጎበዞች አሉ። ግን በሩ ለሌላውም ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845,188 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ። መናገርም መጻፍም የማይቸግረው ተማሪ በዚህ ልክ የወደቀበት ፈተና ለወንድሜ መንገድ ነው ብዬ አክስቴን ልዋሻት አልፈለግኩም።

ሁለተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። ተስፋ ያደረግኩት እዚህ ላይ ነበር። ዊንጌት፣ ተግባረዕድ፣ እንጦጦ እያልን የምንጠራቸው ኮሌጆች የተሠሩት እጅ ላለው ሰው ነው አይደል? ችግሩ ሁለት ጫፍ ላይ ነው። መግቢያው ላይ ለመደበኛው ሥልጠና የፈተና ነጥብ ይጠየቃል። መውጫው ላይ ደግሞ የብቃት ምዘና አለ፤ ሁላችንም «ሲኦሲ» የምንለው። ምዘናው የተግባር ብቻ ሳይሆን የጽሑፍም ክፍል አለው፤ የሚመዝነውም ሙያውን በሙሉ ነው። ወንድሜ ከልብስ ስፌት ሙያ ውስጥ አንዱን ነገር፣ ለምሳሌ ቁልፍ መለየትና መደርደርን፣ ከእኔም ከእናንተም በላይ ሊሠራ ይችላል። ልብስ ስፌትን በሙሉ ግን አይችልም። ሥርዓቱ ደግሞ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ብቁ» እና «ገና ብቁ ያልሆነ»።

ሦስተኛው የኦቲዝም ማዕከላት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ማወቅ ስላለብን። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነጋገር የጀመርነው በአመዛኙ በአንዲት እናት ምክንያት ነው፤ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍተው ነበር። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ያኔ ልጅን መደበቅ እንጂ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ «የእኔ ልጅ ኦቲዝም አለበት» ማለት የተለመደ አልነበረም። እሳቸው ወጥተው አሉት። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ማዕከሉ ግን አለ። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል መጣ፤ እሱንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው።

ልብ በሉ፤ ሁለቱንም የመሠረቱት እናትና አባት ናቸው። ልጃቸው የሚገባበት በር ሲያጡ በሩን ራሳቸው ሠሩት። ለሺዎች ግን አይበቃም። ወረፋው ረጅም ነው፤ ወረፋ ላይ ያለ ሕፃን ደግሞ በትንሽ ዕድሜው ቢጀምር ይሻለዋል ስለሚባል፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት ከሰልፉ መጨረሻ ናት። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ነው።

አራተኛው በር ቤት ነው። እሱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከውጭ ሲቆለፍም አይቻለሁ።

ወረቀት ላይስ?

የሕግ ጉዳይ ይሰለቻችኋል፤ አውቃለሁ። አንድ አንቀጽ ብቻ ታገሡኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 676 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቀናል። ስምምነቱ አንቀጽ 24 ላይ የሙያ ሥልጠናና የዕድሜ ልክ ትምህርት ያለ አድልዎ እንዲሰጥ ይላል። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ከዚያ በፊት በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ነው፤ አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብታቸውን የሚመለከተው። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራና የሥልጠና ቦታውን አመቺ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያግዘው *ረዳት* እንዲመድብም ይላል።

ረዳት። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የአክስቴ ሒሳብ

ኢኮኖሚክስ ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ፣ አንድን ነገር መምረጥ ማለት ሌላውን መተው ማለት ነው፤ የተውከው ነገር ዋጋ ነው እውነተኛው ወጪህ የሚል ነው። ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። የገባኝ ግን አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው።

አክስቴ በሳምንት ስድስት ቀን ትሸጥ ነበር። ወንድሜ ቤት ከዋለ በኋላ ሁለት ቀን ሆነ፤ ጎረቤት የምትጠብቅላትን ቀናት ብቻ። አራት ቀን ቀረ። በቀን የሚተርፋትን ዝቅ አድርገን 300 ብር ብንል፣ በሳምንት 1,200፣ በወር 4,800፣ በዓመት 57,600 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በማንም መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ አልተጻፈም። የትኛውም መሥሪያ ቤት «ይህን ያህል አወጣን» አይልም። ግን ተከፍሏል። የከፈለችው ጧፍ ሻጭ እናት ናት።

ይህ የአክስቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አብረው ላሉበት አንድ ሰው የዕድሜ ዘመን ወጪውን 2.4 ሚሊዮን ዶላር አድርሶታል። ወደ ብር አትቀይሩት፤ ኑሯችን ስለማይገናኝ ትርጉም የለውም። የሚጠቅመን ወጪው ከየት እንደመጣ ማየቱ ነው። በልጅነት ትልቁ ወጪ ልዩ ትምህርትና ወላጅ ከሥራ በመቅረቱ ያጣው ገቢ ነው። ካደገ በኋላ ደግሞ መኖሪያና ሰውየው ራሱ ባለመሥራቱ የሚቀር ገቢ። እንግዲህ እኛ አገር ልዩ ትምህርቱም መኖሪያውም ለብዙዎች የለም። ወጪው ግን አልጠፋም። ተጠቅልሎ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ተቀመጠ እንጂ።

ስለዚህ «ለእንደዚህ ያለ ልጅ ሥልጠና ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ለሚል ሰው መልሴ፣ ገንዘቡ አሁንም እየወጣ ነው የሚል ነው። ጥያቄው ማን ይክፈለው፣ ምንስ ይገኝበት ነው።

ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ ነገር

ሌላ አገር ምን ያደርጋሉ ብዬ አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥ ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ተማሪ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ በሕዝብ ትምህርት ቤት የመቆየት መብት አለው፤ ከ16 ዓመቱ ጀምሮም ከትምህርት በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ዕቅድ ሊወጣለት ይገባል። እንግሊዝ የድጋፍ ዕቅዱ እስከ 25 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። እነሱም ጋ ወላጆች ያማርራሉ፤ ዕድሜው ሲያበቃ ልጁ ከገደል እንደተወረወረ ነው ይላሉ። ቢያንስ ግን ገደሉ የት እንዳለ ቀድመው ያውቃሉ። አክስቴ ያወቀችው ከወደቀች በኋላ ነው።

ከሁሉም ልቤ ላይ የቀረው «ፕሮጀክት ሰርች» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ፣ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ተጀመረ። የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ አንድ ችግር ነበረባት። መርፌ፣ ጓንት፣ ፋሻ በየመደርደሪያው የሚሞላ ሠራተኛ አይበረክትላትም። ሥራው ተደጋጋሚ ስለሆነ ይሰለቻሉ፤ ይሄዳሉ። ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንድ ዕቃ ከቦታው ከጠፋ ሕይወት ይጠፋል። ታዲያ ተደጋጋሚ ሥራ የማይሰለቻቸው፣ እንዲያውም ሁሉም ነገር በቦታው ሲሆን ደስ የሚላቸው ወጣቶች አሉ አይደል? የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ወጣቶች ከአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ጋር ሆና አሠለጠነች። ሥልጠናው ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያው ሥራው ላይ ነው፤ አንድ የትምህርት ዓመት። ከጎናቸው የሚቆም፣ ሥራውን ከፋፍሎ የሚያሳይ፣ ሲለምዱት ቀስ እያለ የሚርቅ ሰው ይመደብላቸዋል። ዛሬ ፕሮግራሙ በብዙ አገሮች አለ።

ዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ2004 ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነ ሰው ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ለሶፍትዌር ፍተሻ የሚቀጥር ድርጅት ከፍቷል። ግን እኔን የነካኝ የሆስፒታሉ መደርደሪያ ነው። ምክንያቱም መደርደሪያ ሲባል መርካቶ ትዝ አለኝ። ዕቃን በየዓይነቱ ለይቶ በየተራው የሚያስቀምጥ እንደ መርካቶ ያለ የት አለ? ቦምብ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ሙያውም የሚለመደው ያለ ሲኦሲ ነው፤ ልጁ ከባለሱቁ ጎን ይቆማል፣ ያያል፣ ይሞክራል፣ ይሰደባል፣ ይለምዳል። ስንቱ ሚሊየነር እንዲህ ነው የጀመረው።

ሀጂ ሱቅ

አክስቴ የምታውቃቸው አንድ ሀጂ አሉ፤ ከራጉኤል ብዙም ሳይርቅ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክር፣ ላስቲክ ይሸጣሉ። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ይማታል?» አሉኝ። «አይማታም፤ ጫጫታ ሲበዛበት ግን ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል» አልኳቸው። «መርካቶ መጥቶ ጫጫታ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ማዳበሪያ ጎትተው አወጡ። ውስጡ የተደበላለቀ ቁልፍ ነው፤ ከዓመታት የተጠራቀመ። «ይህን የሚለይልኝ አጥቼ ነው የተቀመጠው። አምጣው፤ እንየው» አሉኝ።

ከመጀመሬ በፊት ያነበብኩትን ሞከርኩ። ሥራውን ወደ ስድስት ትንንሽ እርምጃዎች ከፋፈልኩት፦ እፍኝ መዝገን፣ ጠረጴዛው ላይ መበተን፣ በቀለም መለየት፣ በመጠን መለየት፣ የተሰበረውን መጣል፣ ዕቃው ሲሞላ ክዳን መግጠም። እያንዳንዱን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ የራሴን እጅ ሲሠራ ደግሞ አጭር ቪዲዮ ቀረጽኩ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ቶሎ ይይዛሉ፤ በቪዲዮ ማሳየት በጥናት የተደገፈ ዘዴ ነው። ለጆሮው ደግሞ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን የጆሮ መከላከያ ገዛን። እሱም ከመርካቶ።

የመጀመሪያ ቀን የሠራው አርባ ደቂቃ ነው። ቪዲዮውን አሥራ አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋና መለየት ጀመረ። ሀጂ ሁለት ነጭ ቁልፎች አንስተው፣ «እነዚህን ለምን ለያያቸው? አንድ አይደሉ?» አሉኝ። ብርሃን ላይ አድርገን አየናቸው። አንደኛው ወደ ክሬም የሚያደላ ነበር። ሀጂ ምንም አላሉም፤ ሻይ አዘዙልን።

አሁን «ከዚያ ሁሉም ነገር ጥሩ ሆነ» ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ቅዳሜ መርካቶ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። በር ላይ የጭነት መኪና ክላክስ አደረገ፤ ተሸካሚዎች ተጯጯሁ። ወንድሜ መከላከያውን አውልቆ ወረወረና መሬት ላይ ተጠቅልሎ ይጮህ ጀመር። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰው ከበበን። አንዷ «ጠበል ውሰዱት» አለች፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሀጂ ወጥተው፣ «ምን ታያላችሁ? ሥራ የላችሁም?» ብለው በተኑልን። የሱቁን ቆርቆሮ ግማሹን ዘጉትና ጨለማ አደረጉለት። ሃያ ደቂቃ ያህል ከጎኑ ተቀመጥኩ። ለሁለት ሳምንት አልተመለስንም።

(በነገራችን ላይ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፦ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ስልካችሁን ኪሳችሁ አስገቡ። ቲክቶክ ላይ የሚወጣው የአንድ እናት ልጅ ነው።)

ስንመለስ ሕግ አወጣን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቶ አራት ሰዓት ተኩል መውጣት፤ ገበያው ሳይደምቅ። ቅዳሜ የለም። ወር በገባ በአንደኛው ቀን የለም፤ የቅዱስ ራጉኤል ወርኃዊ በዓል ስለሆነ አካባቢው በሰው ይሞላል፤ ያ ቀን ደግሞ ለአክስቴ ዋናው የገበያ ቀኗ ነው። በዚህ ዓይነት ሦስት ወር ሞላን። ማዳበሪያው አልቆ ሁለተኛ መጥቷል። አሁን ዚፕም በቁመት ይለያል። ሀጂ በሳምንቱ መጨረሻ ገንዘብ ይሰጡታል። ትንሽ ነው፤ ግን ምጽዋት አይደለም። እሳቸውም፣ «ሠርቶ ነው የወሰደው» ይላሉ። አክስቴ ሦስት ጠዋት ተመለሰላት።

የጎደለው ሕንፃ አይደለም

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እኔ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ውጪ የስድስት ወር ሥራ አግኝቻለሁ። ወንድሜ ቁልፉን ብቻውን መለየት ይችላል፤ ብቻውን መምጣት ግን አይችልም፤ አንድ ነገር ሲቀየርበትም ከጎኑ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል። ሀጂ ደንበኛ አላቸው። አክስቴ እሱን ልትጠብቅ ከቀረች የተመለሰላት ጠዋት መልሶ ሄደ። ሦስት ወር የለፋንበት ነገር እኔ ሻንጣዬን ስዘጋ አብሮ ሊዘጋ ነው።

ያኔ ነው አዋጁ ውስጥ ያለችው ቃል የገባችኝ። ረዳት። ሁላችንም «ማዕከል ይሠራ» እንላለን፤ ይሠራ፣ ያስፈልጋል። ለወንድሜ የጎደለው ግን ሕንፃ አልነበረም። ሱቁ አለ፤ ሥራው አለ፤ የሚሠራው እጅ አለ። የጎደለው ለጥቂት ወራት ከጎኑ ቆሞ የሚያስለምድ፣ ከዚያም ቀስ እያለ የሚርቅ ሠልጥኖ የሚከፈለው አንድ ሰው ነው። ሕጉ በ2000 ዓ.ም. ጠርቶታል። ግን አንድ ባለሱቅ ረዳት በራሱ ደሞዝ ይቀጥር ማለት ለሕግ እንጂ ለመርካቶ አይመችም። ወጪው የጋራ መሆን አለበት።

ሌላው ወገን ደግሞ እኛ ነን። ዲግሪ ይዞ ሥራ ፍለጋ ከቦርድ ቦርድ የሚዞር ስንት ሰው አለ? የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለረዳትነት አጭር ሥልጠና ቢሰጡ፣ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም እንደ አንድ ሙያ ቢያውቀው፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ሥራ ያገኛል፤ ሦስተኛዋ እናት ደግሞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሲኦሲውም ሙያውን በሙሉ ብቻ ሳይሆን ከሙያው አንዱን ክፍል አንጥሮ የያዘ ሰው የያዘውን ያህል ወረቀት ይስጠው። «ይህ ልጅ ቁልፍና ዚፕ ይለያል፤ አይሳሳትም» የሚል ማስረጃ ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል። ለሚቀጥለው ባለሱቅ ግን ብዙ ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ጎረምሳ ካለ ከእኛ ስሕተት የተማርነውን ውሰዱ። ሙያ አትፈልጉ፤ ከሙያው ውስጥ እሱ የሚወደውን አንድ ሥራ ፈልጉ። ወንድሜ ቤት ውስጥ ማንኪያ ሲደረድር ስንት ዓመት «ተው!» ስንለው ኖረናል። ሥራውን ከፋፍሉ፤ በስልካችሁ ቅረጹለት። ቦታውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ምረጡ። ከአርባ ደቂቃ ጀምሩ። ከሠራ ይከፈለው። ሲለምደው አንድ እርምጃ ራቁ፤ ከዚያ ሌላ አንድ። እና ብቻችሁን አትሁኑ፤ እኔ ብቻዬን መሆኔ ነው ትልቁ ጥፋቴ። ከመጀመሪያው ሁለተኛ ሰው አብሮኝ ቢያይ ኖሮ ዛሬ የምተካው ሰው ነበረኝ።

ባለፈው ዓርብ ለሀጂ መሄዴን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ሰኞስ?» አሉኝ።

«ሰኞ አለሁ» አልኳቸው። «ከሰኞ በኋላ ያለውን ነው የማላውቀው።»

ወንድሜ የመጨረሻውን ዕቃ ክዳን ገጠመ፣ መከላከያውን አንገቱ ላይ አደረገና በሩ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እሱ ሰዓቱን ያውቃል። አክስቴ ግን አሁንም ማታ ማታ ትደውላለች፤ ጥያቄውም አልተቀየረም። ሰው እስክናገኝ ድረስ እኔም የምመልስላት የለኝም።